የባለሥልጣናት የስላቅ ምስል በመዳብ ሕትመት፦ የሚቀረጸው ፊታቸው ነው ወይስ ሥራቸው?

ባለ መዳቡ (ክሩን የከፈተ)፣ ሰኞ ምሽት

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ወዳጆች። ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ዝቅ ሲባል ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በመዳብ ላይ ቅርጽ እያወጣሁ የማትም ሰው ነኝ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ስድስት የገጽ ምስሎችን ጀምሬ አምስቱን ጨርሻለሁ። ሁሉም በሥልጣን ላይ የነበሩና በአደባባይ የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ምስሎች የስላቅ ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጠቅስም፤ ምስሉን ያየ ሰው ያውቃቸዋል፣ ለማነሣው ጥያቄ ደግሞ ስማቸው አያስፈልግም። በአራተኛው ሉህ ላይ ግን እጄ ተይዟልና ምክራችሁን ፈልጌ እጽፋለሁ።

ሥራውን ለማታውቁት ሰዎች ትንሽ ልግለጽ። የመዳቡ ሉህ ጠርዙ ተሞርዶ፣ ቅባቱ በኖራ ከጸዳ በኋላ ይሞቃል፤ ሰምና ሬንጅ የተቀላቀለበት ሽፋንም በስሱ ይቀባል። ከዚያ ሉሁን ገልብጬ ከበታቹ ጧፍ አበራለሁ፤ ጭሱም ሽፋኑን እንደ ምጣድ ጀርባ እስኪጠቁር ድረስ ያጠቁረዋል። በዚህ ጥቁር ላይ በመርፌ ስጭር የመዳቡ ቀይ መስመር ብልጭ ይላል። ሉሁን ፌሪክ ክሎራይድ ውስጥ ስነክረው ሰሙ የተነሣበት ቦታ ብቻ ይበላል፤ አሥር ደቂቃ የቆየው መስመር እንደ ፀጉር ይቀጥናል፣ አንድ ሰዓት የቆየው እንደ ጠባሳ ይጠልቃል። በመጨረሻ ሰሙ ተጠርጎ በመስመሮቹ ውስጥ ቀለም ይሞላል፣ የተረፈው ቀለም በሻሽ ይወለወላል፣ እርጥብ ወረቀት ተደርቦበትም በማተሚያው ሥር ያልፋል። ኤቺንግ የሚባለው ይህ ነው።

በአራተኛው ሉህ ላይ ያሉት ሰው የግራ ዓይናቸው ቆብ የወደቀ ነው። እኔም ከመላው ፊታቸው ይህን መርጬ ለእርሱ ከሁሉ የጠለቀውን መስመር ሰጠሁት፤ የሕዝቡን ችግር በግማሽ ዓይን የሚያዩ ሰው ናቸው ለማለት ነበር። ባለፈው ቅዳሜ የመጀመሪያውን የሙከራ ሕትመት ለአንድ የሰፈራችን አዛውንት አሳየኋቸው። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዘው ብዙ ከተመለከቱት በኋላ፣ «ልጄ፣ እኚህ ሰው ዓይናቸው የወደቀው እኮ ታመው ነው፤ እኔ ከመታመማቸው በፊት አውቃቸዋለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሕትመቱን ባየሁት ቁጥር የሚታየኝ በሽታቸው ብቻ ሆነ።

በመዳብ ላይ መሳለቅ ምስል ቆራርጦ በስልክ ከመለጠፍ የሚለየው በሚወስደው ጊዜ ይመስለኛል። አንድን ፊት ሦስት ሳምንት ጎንበስ ብሎ የሚቀርጽ ሰው ያን ፊት ማወቅ አለበት፤ ስለዚህ ስሕተት ቢገኝብኝ በችኮላ ነው ብዬ ማመካኘት አልችልም። ሉሁን እንዳለ ላትመው ወይስ ልተወው? የሕትመቱን ፎቶ ከታች አያይዣለሁ።


የድሮ ሕትመት ወዳጅ፣ ማክሰኞ ጠዋት

ያነሡት ጥያቄ በዚህ ሙያ ውስጥ የቆየ ነው፤ እንዲያውም የአንድ ሰው እጅ በሁለቱም መንገድ ሄዶ እናገኘዋለን። እንግሊዛዊው ዊልያም ሆጋርዝ እ.ኤ.አ. በ1746 ሎርድ ሎቫት የተባለውን፣ በንጉሡ ላይ ከተነሡት ወገኖች ጋር ያበረ የስኮትላንድ ባላባት፣ ተይዞ ወደ ለንደን በሚወሰድበት ጊዜ በመንገድ ላይ አግኝቶ ሣለው፤ ምስሉንም በመዳብ ቀርጾ አሳተመው። ሎቫት በዚያ ምስል ላይ ወፍራም ሽማግሌ ሆኖ ተቀምጧል፤ የሚያጋልጠው ግን ውፍረቱ ሳይሆን በጣቶቹ መቁጠሩ ነው። ለዐመፁ የተሰለፉትን የየጎሣውን ጦር እንደ ገበያ ሒሳብ አንድ፣ ሁለት እያለ ይቆጥራል። በዓመቱ ሎቫት አንገቱን ተቀልቶ ሞተ፤ ያን ሕትመት ዛሬ የሚያይ ሰው ስለ ስኮትላንድ አንዳች ባያውቅ እንኳ የእነዚያ ጣቶች ነገር ይገባዋል።

ይኸው ሆጋርዝ በ1763 ጆን ዊልክስን ቀረጸ። ዊልክስ የምክር ቤት አባልና የጋዜጣ አሳታሚ ሲሆን፣ ጋዜጣው አስቀድሞ ሆጋርዝን ክፉኛ ዘልፎት ነበር። ዊልክስ በእርግጥም ሸውራራ ነበር፤ ሆጋርዝ ሸውራራነቱን አጎላው፣ በራሱ ላይ ያደረገውን ሰው ሠራሽ ፀጉርም የቀንድ መልክ ሰጠው። መርፌው በሁለቱም ላይ እኩል የሠለጠነ ነው። እኔ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው በመጀመሪያው ውስጥ ሎቫትን አየዋለሁ፣ በሁለተኛው ውስጥ ደግሞ የሆጋርዝን ቂም አያለሁ። የእርስዎ አራተኛ ሉህ ከዊልክስ ወገን ይመስለኛል፤ ጣቶቹን ይፈልጉላቸው።


የአራት ኪሎ ልጅ፣ ማክሰኞ ከሰዓት

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን አልስማማም። እነዚህ ሰዎች ፊታቸውን በትልልቅ ሰሌዳዎች ላይ አስነድፈው በየአደባባዩ የሰቀሉት ራሳቸው ናቸው፤ እኛም ከሥራ ስንወጣና ስንገባ በግድ ስናያቸው ኖረናል። በሰሌዳው ላይ ያ ዓይን ተስተካክሎ፣ ቆዳው ጠርቶ፣ ዕድሜው በአሥር ዓመት ተቀንሶ ነበር የሚታየው። ሰዓሊው እውነተኛውን ዓይን መልሶ ሲያሳይ በሽተኛ ላይ አፌዘ መባሉ ፍትሕ አይመስለኝም። ሕዝብ በመንግሥት ቢሮ በር ላይ ቆሞ ሲውል በወረፋ ያለውን ሕመምተኛ ማን አዘነለት?

ስላቅ የሚያም ነገር ነው። ፈረንሣዊው ኦኖሬ ዶሚዬ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን የሕዝብን ገንዘብ የሚውጥ ግዙፍ ሰው አድርጎ በኤቺንግ ስለ ሠራው በ1832 እ.ኤ.አ. እስር ቤት ገብቷል፤ የንጉሡን ሆድና ጉንጭ አላለሳለሰም። ባለ መዳቡ ወንድሜ፣ አንድ አዛውንት በሐዘኔታ በተናገሩት ቃል የሁለት ዓመት ድካምህን እንዳታለዝብ እለምንሃለሁ።


ሰዓሊት ከስድስት ኪሎ፣ ማክሰኞ ምሽት

የአራት ኪሎው ወንድሜ ስለ ሰሌዳዎቹ የተናገረው ልብ የሚነካ ነው፤ መልስም ይገባዋል። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላርም። የዶሚዬ ሥራ ኤቺንግ ሳይሆን ሊቶግራፍ ነው፤ በኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታማ ክሬዮን ተሥሎ፣ ውኃና ቅባት አለመዋሐዳቸውን በመጠቀም የሚታተም ነው። ልዩነቱ የባለሙያ ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። ከድንጋዩ ላይ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቅጂ ይወጣል፤ ድንጋዩ በሳምንታዊው ጋዜጣ ፍጥነት ልክ የተሠራ ነበር። መዳብ ግን በየሕትመቱ ይደክማል፤ ጥቂት መቶ ቅጂ ከወጣበት በኋላ ቀጫጭኖቹ መስመሮች መጥፋት ይጀምራሉ። የመዳብ ሕትመት ጥቂት ሰዎች በእጃቸው ይዘው፣ ወደ ዓይናቸው አቅርበው የሚያዩት ነገር ነው። በጋዜጣ ላይ በጥድፊያ የሚያልፍ ማጋነን በእጅ ተይዞ ሲታይ ሌላ ነገር ይሆናል፤ አዛውንቱም ወደ መስኮቱ ይዘውት ባይሄዱ ኖሮ ያን አይሉም ነበር።

ሁለተኛው ነገር የራሳችን ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ክፉውን ሰው ለመለየት አፍንጫውን አላስረዘሙም፣ አላጎበጡትም፤ ፊቱን ወደ ጎን አዞሩት እንጂ። ደጉ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያየናል፣ ክፉው በአንድ ዓይን በጎን ይታያል። ይህ ሥርዓት በይሁዳ ላይ ሠርቷል፤ በዐድዋ ሥዕሎች ላይም የጣሊያን ወታደሮች በጎን ሲታዩ የእኛዎቹ ፊት ለፊት ይታያሉ። ልብ ብላችሁ እዩት፦ ማንኛውም ገላ፣ ውብም ሆነ ጎባጣ፣ ወደ ጎን ሊዞር ይችላል። ፍርዱ የተሰጠው ሰውየው በቆመበት ወገን ላይ ነው። በልጅነቴ እነዚያን ሥዕሎች ሳይ የአንድ ዓይኑ ነገር ያስፈራኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ካየኋቸው የስላቅ ምስሎች ሁሉ ጨዋውና ጨካኙ እርሱ ነው።

ስፔናዊው ሠዓሊ ጎያም በ1799 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው 80 የመዳብ ሕትመቶች ውስጥ ስለ መሳፍንቱ ትምክሕት ሲናገር ያደረገው አለ። አህያ ልብስ ለብሶ ተቀምጦ የዘር ሐረጉን መጽሐፍ ገልጦ ያሳያል፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት አያት ቅድመ አያቶቹም ሁሉ አህዮች ናቸው። የማንም ፊት የለበትም። ያም ሆኖ ሕትመቶቹ ለገበያ በወጡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ሉሆቹንም በ1803 ለንጉሡ አስረከባቸው። ስለዚህ የሰውን ሕመም መተው ስላቁን ያለዝበዋል የሚለውን አልቀበልም።


የሕግ ባለሙያ፣ ረቡዕ ጠዋት

በአጭሩ የሕጉን ነገር ልጨምር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት በሥነ ጥበብ መልክ የሚገለጸውንም እንደሚያካትት በግልጽ አስፍሯል፤ በዚያው አንቀጽ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ገደብ ሊደረግ እንደሚችልም ተጽፏል። የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ፖለቲካዊ ትችትንና የሥነ ጥበብ ፈጠራን ከክልከላው ውጭ አድርጓል። ነገር ግን አዋጁ ከሚጠብቃቸው መለያዎች መካከል ከብሔርና ከሃይማኖት ጋር አካል ጉዳተኝነት ተዘርዝሮ እናገኛለን። ባለ መዳቡን የሚከስ ሰው ይኖራል ለማለት አይደለም። ባለሥልጣኑ ለሠሩት ሥራ ተጠያቂ ናቸው፤ ለወደቀው የዓይን ቆባቸው ግን በየትኛውም ሕግ ተጠያቂ አይደሉም።


የድሮ ሕትመት ወዳጅ፣ ረቡዕ ከሰዓት

ለአራት ኪሎው ልጅ አንድ ምሳሌ ላቅርብ፤ ምክንያቱም እውነተኛውን ዓይን መልሶ ማሳየት ያልከው ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም። የእንግሊዙ ጄምስ ጊልሬይ በ1805 እ.ኤ.አ. የሠራው ዝነኛ ኤቺንግ ላይ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒትና ናፖሊዮን ለእራት ተቀምጠው የምድርን ሉል ፑዲንግ እንደሚባለው የእንግሊዞች ጣፋጭ ምግብ ይቆርሳሉ፤ ናፖሊዮን አውሮፓን ይቆርጣል፣ ፒት ደግሞ ባሕሩን ይወስዳል። በሁለቱ ሰዎች እጅ ውስጥ ያሉት ቢላዎች የዘመኑን ፖለቲካ በሙሉ ይናገራሉ፤ ይህ ክፍል እስከ ዛሬ እውነት ነው። ናፖሊዮን ግን በጊልሬይ ሕትመቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ድንክ ነው፤ በእውነቱ ቁመቱ ከዘመኑ የፈረንሣይ ወንዶች አማካይ ቁመት አያንስም ነበር። ይኸው 200 ዓመት አልፎም ዓለም ናፖሊዮንን አጭር ሰው እያለ ያወራል። መዳብ የተቀረጸበትን ውሸት ይህን ያህል ይዞ ይቆያል። ይኸው ጊልሬይ ከ1797 ጀምሮ ከፒት መንግሥት የጡረታ አበል ይቀበል እንደነበርም አብሮ መታወስ አለበት፤ የማን ገላ ድንክ እንደሚሆንና የማን እንደማይሆን የሚወስነው ሁልጊዜ ሰዓሊው ብቻ አይደለም።


የአራት ኪሎ ልጅ፣ ረቡዕ ምሽት

የሊቶግራፉን እርማት በምስጋና ተቀብያለሁ። የናፖሊዮንን ነገርም አላውቅም ነበር፤ በልጅነታችን በክፍል ውስጥ አጭር የሆነውን ጓደኛችንን በእርሱ ስም እንጠራው እንደነበር አስታውሼ አዘንሁ። ስለ ሰሌዳዎቹ ያልኩትን ግን አልመልስም፤ እነዚያን የተስተካከሉ ፊቶች የሚመልስ ምስል ያስፈልገናል ብዬ አምናለሁ።

እንግዲያው ባለ መዳቡን አንድ ነገር ልጠይቀው። እኚህ ሰው በሥልጣን ዘመናቸው ያደረጉት፣ አንተን ከሁሉ ያስቆጣህ ነገር ምንድን ነው? በምስሉ ላይ እጃቸው አይታይም። እጃቸው ምን ይሠራ ነበር?


ባለ መዳቡ፣ ረቡዕ ሌሊት

የመሠረት ድንጋይ ያስቀምጡ ነበር። ያደግሁበት ሰፈር ውስጥ ለጤና ጣቢያ ተብሎ የተቀመጠ የመሠረት ድንጋይ አለ፤ እብነ በረዱ ላይ ስማቸውና ቀኑ በወርቅ ቀለም ተጽፎበታል። እናቴ በዚያ ቀን ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ዳቦ ጋግራ፣ ቄጠማ ጎዝጉዛ ተቀብላቸዋለች። ድንጋዩ ዛሬም ብቻውን ቆሟል፤ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ አንደኛው የጎል ምሰሶ እርሱ ነው። ይህ ጥያቄ እስኪቀርብልኝ ድረስ ያን ድንጋይ ለምን በምስሉ ውስጥ እንዳላስገባሁት እኔ ራሴ አልገባኝም።


ማኅተም ቀራጩ፣ ሐሙስ ጠዋት

ልጄ፣ እኔ የጥበብ ትምህርት የለኝም፤ በፒያሳ ማኅተም ስቀርጽ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ከዚያ በፊትም ከወርቅ ሠሪ ዘንድ ተቀጥሬ ቀለበት ላይ ስም እጽፍ ነበር። ፊደልን ገልብጦ መቅረጽ እንጀራዬ ስለሆነ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያየው የተገለበጠ ነገር ነው። ያያያዝኸውን ፎቶ አየሁት። የሰውየው ኮት እንደ ሴት ኮት በቀኝ ተደርቦ ተቆልፏል፤ በደረታቸው ላይ ያለው ዓርማም በቀኝ በኩል ነው። ይህን ሉህ ስትቀርጽ ከጋዜጣ ፎቶ ላይ በቀጥታ ገልብጠህ ነው እንጂ በመስታወት አላየኸውም።

ከሆነ ደግሞ የዓይኑም ነገር እንዲሁ ነው። አንተ የታመመው የግራ ዓይናቸው ነው ብለህ ጽፈሃል፤ በሕትመቱ ላይ የወደቀው ግን የቀኝ ዓይናቸው ነው። የተሳለቅህበት ዓይን ጤነኛው ዓይን ነው ማለት ነው።

ልትፍቀው ብታስብ ይቻላል፤ ጥልቁን መስመር በመፋቂያ ታወርደዋለህ፣ በማለስለሻ ትደፍነዋለህ፣ ጎድጎድ ያለውንም ከጀርባው በትንሽ መዶሻ መትተህ ታስነሣዋለህ፤ ይህን ወርቅ ሠሪ ሁሉ ያውቀዋል። ግን ዓይን፣ ኮትና ዓርማ ሦስቱንም ከመፋቅ፣ የምመክርህ ሉሁን ገልብጠህ ጀርባውን እንድታሳምርና እንደ አዲስ እንድትጀምር ነው። መዳብ ውድ ነው፤ ጀርባው ግን ንጹሕ ነው። የፊተኛውን ገጽ በመስቀለኛ ሠርዘው፤ ማንም አንሥቶ እንዳያትምበት። ፎቶውን ከፊትህ አቁመህ በመስታወት ውስጥ እያየህ ሣል።


ባለ መዳቡ፣ ሐሙስ ምሽት

አባቴ፣ እውነትዎን ነው። አምስቱን ሉሆች በመስታወት ነው የሠራኋቸው፤ አራተኛውን ግን ቁጣ ይዞኝ ከጋዜጣው ላይ በቀጥታ ወሰድሁት። አሁን ፎቶውንና ሕትመቱን ጎን ለጎን አድርጌ አየሁ፤ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። ለሦስት ሳምንት ጎንበስ ብዬ የጤነኛውን ዓይን ቆብ ስቀርጽ ነበር። ፊቱን አውቄዋለሁ ብዬ በዚህ ክር መጀመሪያ ላይ የጻፍሁትን ቃል እዚህ በሁላችሁም ፊት እመልሳለሁ።


ሰዓሊት ከስድስት ኪሎ፣ ዓርብ ጠዋት

አዲሱን ሉህ ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ብቻ ልበል። የታመመውን ዓይን አይሰውሩት፤ ከሰወሩት ያ ሰሌዳ ያደረገውን ማድረግዎ ነው፤ የአራት ኪሎው ልጅ በዚህ ትክክል ነው። እንዳለ ይቅረጹት፣ ግን በቀጭኑ መስመር። አሲዱ ረጅም ሰዓት የሚበላው ሌላውን ቦታ ይሁን።


ባለ መዳቡ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ማታ

አዲሱ ሉህ ትናንት ታተመ። ሰውየው ፊት ለፊት ይታያሉ፤ የግራ ዓይናቸው በእውነትም በግራቸው ነው፣ የወደቀው ቆብም ስምንት ደቂቃ ብቻ በኬሚካሉ ውስጥ የቆየ ቀጭን መስመር ነው። ከዚያ በኋላ ፊቱን በሙሉ በቫርኒሽ ሸፍኜ እጁን ብቻ ክፍት ተውሁት፤ እጁ አንድ ሰዓት ከሩብ ቆይቷል። በእጃቸው የግንበኛ ማንኪያ ይዘዋል፤ ከፊታቸው ያ እብነ በረድ ቆሟል፣ ከእብነ በረዱ ኋላ ባዶ ሜዳና አንድ ኳስ አለ። የማንኪያውን ገጽ ምንም መስመር ሳልጭርበት ንጹሕ መዳብ አድርጌ ስለተውሁት፣ በወረቀቱ ላይ ከሁሉ ነጭ ሆኖ የወጣው እርሱ ነው። ሃያ ቅጂ አትሜ አቆማለሁ፤ አንዱ የማኅተም ቀራጩ አባቴ ነው፣ አንዱም የአራት ኪሎው ልጅ ነው፤ መጥታችሁ ውሰዱ።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለእኒያ አዛውንት አሳየኋቸው። እንደ ቀድሞው ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱ። ዓይኑን አዩትና አለፉት፤ ከዚያ ወረቀቱን ወደ ፊታቸው አስጠግተው ማንኪያው ላይ ብዙ ቆዩ።

«ልጄ፣ ሲሚንቶው የታለ?» አሉኝ።